አንኪና የኤስኤቲ ቃላት፦ ካርዱን ራሳችሁ ጻፉት

ስለ አንኪ የሚወራውን ሳትሰሙ አትቀሩም። "አውርደው፣ ቃላት ጫንበት፣ በየቀኑ ክፈተው፣ በቃ።" እኔም የነገሩኝ ይህንኑ ነበር። ለኤስኤቲ፣ ማለትም ለአሜሪካ ኮሌጆች መግቢያ ፈተና፣ ስዘጋጅ ዘጠኝ ወር ተጠቀምኩበት። አሁን ደግሞ ታናሽ እህቴ ለዚሁ ፈተና እየተዘጋጀችበት ስለሆነ ሁለተኛ ዙር አጠገቧ ተቀምጬ እያየሁት ነው። በጣም ወድጄዋለሁ። ግን የወደድኩት ከአራተኛው ወር በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት የተጠቀምኩበት መንገድ ከነጭራሹ ስህተት ነበር። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው እነዚያን አራት ወራት እንዳያቃጥል ብዬ ነው።

መጀመሪያ ስለ አፑ። አንኪ የፍላሽ ካርድ አፕ ነው። ስሙ ጃፓንኛ ሲሆን በቃል መያዝ ማለት ነው። ዴሚየን ኤልምስ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ2006 አወጣው። በኮምፒውተርና በአንድሮይድ ነጻ ነው፤ የአንድሮይዱን የሚሠሩት ሌሎች በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በአይፎን ግን አንዴ ይከፈልበታል። ካርዶቹ ስልካችሁ ላይ ስለሚቀመጡ ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል፣ ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር። ስታወርዱ ስሙን አጣሩ፣ በስም የሚመሳሰሉት ሌሎች አፖች አሉ።

አሠራሩ ቀላል ነው። የካርዱን ፊት ያሳያችኋል። መልሱን በልባችሁ ትላላችሁ። ትገልጡታላችሁ። ከዚያ ከአራት ቁልፎች አንዱን ትጫናላችሁ፦ አጌይን (እንደገና)፣ ሃርድ (ከባድ)፣ ጉድ (ጥሩ)፣ ኢዚ (ቀላል)። ያወቃችሁት ካርድ ነገ ይመለሳል፣ ቀጥሎ ከቀናት በኋላ፣ ቀጥሎ ከሳምንታት፣ እያለ ወደ ወራት ይርቃል። የረሳችሁት ደግሞ ከደቂቃዎች በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 ባሳተመው ሥራ ትርጉም የለሽ ክፍለ ቃላትን ራሱ እያጠና፣ መርሳቱንም ራሱ እየለካ፣ ያጠናነው ነገር መጀመሪያ ላይ በፍጥነት፣ በኋላ ግን በዝግታ እንደሚጠፋ አሳይቷል። አንኪ መነሻው ያደረገው ቀመር ፒዮትር ቮዝኒያክ በ1987 ሱፐርሜሞ ለሚባለው ቀዳሚ የክለሳ ፕሮግራም የሠራውን ነው፤ ከ2023 ወዲህ ደግሞ ኤፍኤስአርኤስ የሚባል አዲስ ቀመር ገብቶለታል። ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ ታበሩታላችሁ። የተቀረውን ቅንብር ለጊዜው አትንኩት፣ ብዙ ነው፣ ሰው ቃል ማጥናቱን ትቶ ቅንብር ሲያጠና አይቻለሁ።

አሁን ወደ ስህተቴ ልምጣ።

አፑን ባወረድኩ ቀን አንድ የተዘጋጀ የካርድ ጥቅል ፈልጌ ጫንኩ። ሦስት ሺህ ምናምን ቃላት ነበሩት። ፊት ላይ አንድ ቃል፣ ጀርባው ላይ የሁለት ቃል ፍቺ፣ ሌላ ምንም የለም። እኔ ደግሞ ከሥሩ የአማርኛውን ፍቺ እጨምርበት ነበር። ቁጥሩ ሲቀንስ ማየት ደስ ይላል። በአራት ወር ውስጥ ዘጠኝ መቶ ቃላት "አወቅኩ"። ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የምከፍተው እሱን ነበር።

ከዚያ አንድ የመለማመጃ ጥያቄ ገጠመኝ። ስለ ወፎች ፍልሰት የሚያወራ አጭር ጽሑፍ ነው። አንዲት ተመራማሪ የቀድሞ ድምዳሜዋ ላይ አዲስ መረጃ መጣባት። ድምዳሜውን አልጣለችውም። በሰሜን ለሚኖሩት ወፎች ብቻ እንደሚሠራ ገልጻ ጠበብ አደረገችው። ባዶ ቦታው ላይ ምን ይግባ? ከምርጫዎቹ መካከል አባንደንድ (ተወችው) እና ኳሊፋይድ ነበሩ። ኳሊፋይ የሚለውን ቃል አውቀዋለሁ፣ ካርዴ ላይ "ብቁ ሆነ" ይላል። ድምዳሜ ደግሞ ብቁ አይሆንም። ስለዚህ ዘልዬው አባንደንድን መረጥኩ። መልሱ ኳሊፋይድ ነበር። ኳሊፋይ ማለት አንድን አባባል መገደብ፣ "ይህ የሚሆነው እንዲህ ሲሆን ነው" ብሎ ማለሳለስም ነው። ደጋግሜ ያለፍኩት ካርድ ነው። ሁሉንም ጊዜ ጉድ ተጭኜ።

ያን ማታ ወደ ኋላ ተመልሼ የሳትኳቸውን የቃላት ጥያቄዎች በሙሉ ሰበሰብኩ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት "የማውቃቸው" ቃላት ነበሩ። የማላውቀው ቃል ያን ያህል አልጎዳኝም፣ የጎዳኝ በግማሽ የማውቀው ነው።

ለምን እንዲህ እንደሆነ የገባኝ ፈተናው ራሱ ምን እንደሚጠይቅ ሳነብ ነው። ኤስኤቲ በ1926 ከተጀመረ ጀምሮ ቃላትን የሚጠይቅበት መንገድ ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል። ድሮ "የዚህ ቃል ተቃራኒ የቱ ነው" የሚል ጥያቄ ነበር፤ በ1994 ቀረ። "ይህ ለዚያ እንደሆነው ሁሉ ያ ለማን ነው" የሚለው የንጽጽር ጥያቄ በ2005 ቀረ። ባዶ ዓረፍተ ነገር ሙላ የሚለው በ2016 ቀረ። አሁን ባለው ዲጂታል ፈተና፣ ከአሜሪካ ውጪ በ2023፣ አሜሪካ ውስጥ በ2024 በጀመረው ማለቴ ነው፣ ባዶ ቦታው ተመልሶ መጥቷል፣ ነገር ግን ከ25 እስከ 150 ቃላት ባለው አጭር ጽሑፍ ውስጥ ሆኖ። የሚጠይቀውም በአጭሩ "ለጽሑፉ ይበልጥ የሚስማማውና ትክክለኛው ቃል የቱ ነው" ብሎ ነው። "ትክክለኛው" የሚለውን ልብ በሉ። አንዳንዴ ሁለት ምርጫዎች ለጆሮ ይስማማሉ፣ ጽሑፉ የሚፈቅደው ግን አንዱን ብቻ ነው። የድሮዎቹ ወፋፍራም የቃላት ዝርዝሮች የተዘጋጁት ቃሉን ብቻውን አውጥቶ ለሚጠይቀው ለዚያ ለቀረው ፈተና ነው። የእኔም ጥቅል የዚያ ዘመን ልጅ ነበር።

ጊዜም አለ። የንባብና የጽሑፍ ክፍሉ 54 ጥያቄ በ64 ደቂቃ ነው፣ በ27 በ27 ተከፍሎ። ለአንዱ ጥያቄ 71 ሰከንድ ገደማ ይደርሳል። የቃላቱ ጥያቄዎች የሚመጡት በየክፍሉ መጀመሪያ ላይ ነው። ቃሉን ከነጠባዩ የሚያውቅ ሰው በሃያ ሰከንድ ጨርሶት የተረፈውን ጊዜ ከኋላ ለሚመጡት ረጃጅም አስተሳሰብ ለሚጠይቁት ያቆየዋል። ለእኔ የቃላት ጥናት ትልቁ ጥቅም ይሄ ሆኖ ነው ያገኘሁት።

ስለዚህ ጥቅሉን ሰረዝኩት። ዘጠኝ መቶውንም። በባዶ አፕ እንደገና ጀመርኩ፣ አንኪን የወደድኩትም ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

አዲሱ ሕጌ አንድ ብቻ ነበር። በንባብ መሃል ያላገኘሁት ቃል ካርድ አይሆንም። የሳይንስ ጽሑፍ፣ የታሪክ ጽሑፍ፣ የመለማመጃ ፈተና፣ የትም ይሁን፣ ግን ቃሉ ሥራ ላይ እያለ መያዝ አለበት። የፈተናው አዘጋጅ ኮሌጅ ቦርድ ብሉቡክ በሚባለው አፑ ላይ ሙሉ የመለማመጃ ፈተናዎችን በነጻ አስቀምጧል፣ ካን አካዳሚ የሚባለው የመማሪያ ድረ ገጽም እንዲሁ ነጻ መለማመጃ አለው፤ ለጀማሪ የሚበቃ ቃል ከእነሱ ይወጣል።

አንድ ካርዴን ላሳያችሁ። ክሎዝ የሚባለውን የካርድ ዓይነት ነው የምጠቀመው፣ ዓረፍተ ነገር ታስገባላችሁ፣ የፈለጋችሁትን ቃል ይደብቅላችኋል። ፊቱ ላይ ያገኘሁት የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር እንዳለ ይቀመጣል፦ በኋላ የተገኙት ቅሪቶች የተመራማሪዋን መላምት እንዲህ አደረጉት፣ "እንዲህ" የሚለው ቦታ ባዶ ነው። መልሱ ቦልስተር ነው። ጀርባው ላይ ሦስት መስመር አለ። አንደኛ፣ በራሴ አማርኛ፦ "ደገፈ፣ አጠናከረ፣ ከጎኑ ቆመለት።" ሁለተኛ፣ ከምን ጋር እንደሚሄድ፦ ክርክር፣ መላምት፣ በራስ መተማመን፣ ኢኮኖሚ። ሦስተኛ፣ ተቃራኒው፦ አንደርማይን። አለቀ። ከሦስት መስመር ካለፈ ካርዱ ራሱ ንባብ ይሆንና ማታ ማታ ትሸሹታላችሁ።

አንደርማይን ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ስለምወደው። ቃሉ በጥሬው ከግንብ ሥር እየቆፈሩ ግንቡን መጣል ነው። አማርኛው "መሸርሸር" ነው፣ ውሃ ከሥር እየበላ ዳርቻውን እንደሚንደው። ሁለቱም ቋንቋዎች አንድ ዓይነት ሥዕል ይዘዋል። እንዲህ ዓይነቱን ቃል አንዴ ካያችሁት አይጠፋችሁም፣ ካርዱንም ለሥርዓቱ ያህል ነው የምታዩት። የአማርኛ ፍቺ ካርድ ላይ አይጻፍ የሚሉ አሉ፣ እኔ አልስማማም። ሥዕሉ የገጠመለት አማርኛ ከአሥር መስመር የእንግሊዝኛ ፍቺ ይበልጣል። መጥፎ የሚሆነው ከመዝገበ ቃላት ላይ የተገለበጠ፣ ለአምስት የተለያዩ ቃላት የሚሰጥ አንድ ደረቅ አማርኛ ነው።

እህቴ ላይ ያየሁት ይህንን ነው። ገና ስትጀምር አጠገቧ ቁጭ ብዬ ስጠይቃት፦

"ፍሩጋል ማለት?"

"ቆጣቢ።"

"ማይዘርሊስ?"

"እሱም... ቆጣቢ።"

"እሺ፣ ስለ እናታችን ብትጽፊ የትኛውን ትጠቀሚያለሽ?"

ትንሽ አሰበችና ሳቀች። "ማይዘርሊ ካልኳት ቤት አታስገባኝም! እሱ ስስታም ነው፣ የሚቋጥር።" ያኔ ካርዱን አወጣችና "ቆጣቢ" የሚለውን ሰርዛ "ስስታም፣ ካለው ላይ የሚሰስት፣ ስድብ ነው" ብላ ጻፈች። "ስድብ ነው" የምትለዋ ሁለት ቃል ትልቅ ሥራ ትሠራለች። ፈተናው ደጋግሞ የሚጠይቀው ይህንን ነው፣ ጸሐፊው ሰውየውን እያመሰገነው ነው ወይስ እየነቀፈው? ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ካርዷ ላይ ምስጋና፣ ነቀፋ ወይም ገለልተኛ የሚል ምልክት ታደርጋለች። ይህ የእሷ ፈጠራ ነው፣ እኔም ከእሷ ወሰድኩት።

ተመሳሳይ ችግር ያለባቸው ሌሎችም አሉ። አምቢጉየስ እና አምቢቫለንት የሚባሉትን ብዙ ሰው "አወላዋይ" ወይም "አሻሚ" ብሎ አንድ ላይ ያጠናቸዋል። አምቢጉየስ የሚሆነው ነገሩ ነው፣ ሁለት ትርጉም የሚሰጥ ንግግር፣ አሻሚ። አምቢቫለንት የሚሆነው ግን በዋናነት ሰው ነው፣ ሁለት ልብ የሆነ፣ አንዱን ነገር ወዶም ጠልቶም ያለ። በአማርኛ "ልቤ ለሁለት ተከፈለ" የምንለው። ሳንክሽን ደግሞ ጉደኛ ነው። ዜና ላይ ማዕቀብ ሆኖ ስለምንሰማው ቅጣት ብቻ ይመስለናል፣ ሆኖም መፍቀድና ማጽደቅም ማለት ነው። ሰምና ወርቅ ሲሰማ ያደገ ሰው ይህ ሊከብደው አይገባም፣ አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ መስማት እንችልበታለን፤ ካርዱ ላይ ግን ሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ማለትም ሁለት የተለያየ ካርድ ያስፈልገዋል። ለሁለቱ ፍቺዎች አንድ ካርድ ካደረጋችሁት አንዱን ብቻ አስታውሳችሁ ጉድ ትጫናላችሁ፣ ኳሊፋይ ላይ እኔን እንደገጠመኝ።

ስለ ሥርወ ቃል ብዙ ይባላል፣ እኔም አምንበታለሁ፣ በልኩ። አማርኛ ተናጋሪ ለዚህ ነገር ቅርብ ነው። ነገረ ከሚለው ነገር፣ ንግግር፣ ተናጋሪ፣ አነጋገር እንደሚወጣ ማንም ሳያስተምረን እናውቃለን። የላቲኑም እንደዚያው ነው። ሎኩ የሚለው መናገር ነው፤ ከእሱ ኤሎኩዌንት አንደበተ ርቱዕ፣ ሎኩዌሸስ ለፍላፊ፣ ኮሎኩዊያል የዕለት ተዕለት አነጋገር ይወጣሉ። አራት አምስት ቃል በአንድ ሥር ሲሰበሰብ ለማስታወስ ይቀላል። ግን ሥር ያታልላልም። ኢነርቬት የሚለውን ቃል ስታዩ ኢነርጂ ትዝ ይላችሁና "አበረታ" ትላላችሁ። ተቃራኒው ነው፣ ማድከም፣ አቅም ማሳጣት። ከላቲኑ ጅማት ከሚለው ቃል የመጣ ነው፣ ጅማት አውጥቶ መጣል እንደማለት። እኔ ካርዴ ላይ "ጅማቱን አወጣው" ብዬ ብቻ ነው የጻፍኩት። አንድ ቀን እንኳ አልረሳሁትም።

አሁን አፑን ስለመጠቀም የሚያስቆጩ ጥቃቅን ነገሮች።

ሃርድ የሚለው ቁልፍ "ረስቼዋለሁ" ማለት አይደለም። "ተቸግሬ አስታወስኩት" ማለት ነው። ከረሳችሁት አጌይን ተጫኑ። ብዙ ሰው አጌይን መጫን ያፍራል መሰለኝ፣ ሃርድን ይመርጣል፣ አፑም እንዳወቀው ቆጥሮ ካርዱን ያርቅበታል። በዚህ ምክንያት "አንኪ አይሠራም" የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል።

ሲጫን በቀን 20 አዲስ ካርድ እንዲያሳይ ሆኖ ነው የሚመጣው። ትምህርት ላለው ሰው ይበዛል። አዲሱ ካርድ 20 ይሁን እንጂ ክለሳው እየተጠራቀመ ከሳምንታት በኋላ የቀኑ ሥራ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይሆናል። እኔ ወደ 8 አወረድኩት። እህቴ 6 ናት። በ6 ካርድ ምን ይገኛል እንዳትሉ፣ በወር 180 ቃል ነው፣ ያውም ከነዓረፍተ ነገሩ። አንዴ ሦስት ሳምንት ሳልከፍተው ቀርቼ ስመለስ ስድስት መቶ ክለሳ ቆይቶኝ ነበር። እንደዚያ ሲሆን አትደንግጡ፣ አዲስ ካርድ ወደ ዜሮ አውርዱና በየቀኑ የተወሰነ እየቀነሳችሁ ጨርሱት። ሁሉንም ትቶ ከዜሮ መጀመር አያስፈልግም።

ስምንት ጊዜ የረሳችሁትን ካርድ አንኪ ሊች ብሎ ምልክት ያደርግበታል፣ እንደ ቅንብሩም ያግደዋል። ሊች አልቅት ነው፣ ስሙ በጣም ልክ ነው፣ ጊዜያችሁን የሚመጠው እሱ ነው። የታገደ ካርድ ስታዩ በጉልበት አትመልሱት። ካርዱ መጥፎ ነው ማለት ነው፣ ወይ ዓረፍተ ነገሩ ምንም ፍንጭ የለውም፣ ወይ ከሌላ ቃል ጋር እየተምታታባችሁ ነው። ሰርዙትና በሌላ ዓረፍተ ነገር እንደገና ጻፉት። እህቴ ቴንዩየስን ሦስት ጊዜ እንደዚህ ጽፋዋለች። በመጨረሻ የያዘላት "እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ግንኙነት" የሚለው ነው።

አንኪ የማይሰጣችሁ ነገር ንባብ ነው። እንዲሰጣችሁም አትጠብቁ። አፑ የያዛችሁትን ያቆይላችኋል፣ የሚያዘውን የምታመጡት እናንተ ናችሁ። በቀን አርባ ደቂቃ ካላችሁ ሃያ አምስቱን አንብቡ፣ አሥራ አምስቱን ካርድ ሥሩ። የተዘጋጀ ዝርዝር ከሌለ የማይሆንላችሁ ከሆነ አቬሪል ኮክስሄድ በ2000 ያወጣችው የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር ይሻላል እላለሁ። 570 የቃል ቤተሰቦች ብቻ ናቸው፣ ዴራይቭ፣ ኢንፈር፣ ኢምፖዝ የመሳሰሉ፣ ዩኒቨርሲቲም ገብታችሁ በየገጹ የምታገኟቸው። ግን እነሱንም ቢሆን ዓረፍተ ነገር ፈልጉላቸው።

ለማን ይሆናል? ፈተናው ሊደርስ ሦስት ሳምንት የቀረው ሰው አይልፋ፣ አራርቆ መከለስ የሚሠራው የሚራራቅበት ጊዜ ሲኖር ነው፤ እሱ ቁጭ ብሎ የመለማመጃ ፈተና ቢሠራና የሳታቸውን ቃላት በወረቀት ቢይዝ ይበጀዋል። አራት ወርና ከዚያ በላይ ላለው፣ በየቀኑ ትንሽ መቀመጥ ለማይሰለቸው ሰው ግን ከዚህ የተሻለ ዕቃ አላየሁም።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት አዲስ ካርድ ዜሮ አድርጉት። ክለሳ ብቻ። እህቴ አሁን 412 ካርድ አላት፣ ሁሉም በራሷ እጅ የተጻፉ። ትናንት ማታ ሃያ ሁለት ክለሳ ነበራት፣ በስምንት ደቂቃ ጨርሳ ንባቧን ከፈተች።